የእትዬ ከድጃ አንገት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2። ጠዋት

ኬብሉን ጠቀለልኩ፣ ዘረጋሁ፣ መልሼ ጠቀለልኩ። ፔዳሉን በአልኮል ወለወልኩ። የፓምፑን ክዳን ከፍቼ ዘጋሁ። ማሽኑ ከመጣ ወዲህ የማለዳ ሥራዬ ይኼው ነው። ቤቴል ባለው ክሊኒካችን ከእኔ በቀር የሚነካው የለም። ሲ/ር ሄለን፣ እኔ ማለት ነው፣ ሠልጥናለች ተብሏል። ሰርተፍኬቴ ፍሬም ገብቶለት እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በዚያ ሳልፍ እንዳላየው ስልኬን አያለሁ።

ላንቺ ልንገርሽ፣ ማስታወሻዬ፤ ሌላ የሚሰማኝ የለም። ማሽኑ በማይክሮዌቭ እብጠት የሚያቃጥል ነው። ረጅም ቀጭን መርፌ አለው። መርፌው በአልትራሳውንድ እየታየ እብጠቱ ውስጥ ይገባል፣ ጫፉ ይግላል፣ እብጠቱን ከውስጥ ያበስለዋል። ቢላ የለ፣ ስፌት የለ። ከጫፉ በላይ ያለው የመርፌው ዘንግ ግን መጋል የለበትም፤ ከጋለ ያለፈበትን ቆዳ ያቃጥላል። ፓምፑ ለዚህ ነው። ክዳኑ ሥር ያለው ጎማ እየዞረ ቱቦውን ይጨምቃል፣ ቀዝቃዛ ሳላይን፣ የጨው ውኃ፣ ወደ መርፌው ይልካል፤ በሌላ ቱቦ ጫፍ ጠብ እያለ ይመለሳል። ውኃው ከዞረ ሰላም ነው።

እማዬ ማይክሮዌቭ ስትሰማ የታያት የወጥ ማሞቂያው ነው። እና ሰው ልታሞቁ ነው? ብላ ተንከትክታ ሳቀች። ለኮንዶሚኒየሙ ሁሉ አውርታዋለች። ደረጃ ላይ ያገኘኝ ሁሉ የትናንት ሽሮ ላምጣልሽ ወይ ይለኛል።

ማክሰኞ። ከሰዓት

እንግዶች መጡ። በሽተኛ ይልኩልናል የተባሉ ሐኪሞች። ዶ/ር መኮንን፣ የክሊኒኩ ባለቤት፣ አዲስ ከረባት አድርገዋል። ማሽኑን አስነሳሁ። ሁሉም በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። አላርሙ ጮኸ። ዶ/ር መ. ዞረው አዩኝ፤ አስተያየታቸው ደስ አይልም። ድምፅ ማጥፊያዋን ቁልፍ ተጫንኳት። ጸጥ። አንዱ እንግዳ ጎበዝ አለኝ።

ለምን እንደጮኸ አላውቅም። የጠየቀኝም የለም። እኔም ማንንም አልጠየቅኩም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ጉበት ላይ ተለማመድን። የበሬ ጉበት፣ ትሪ ላይ። ዶ/ር መ. መርፌውን ይዘዋል፣ እግራቸው ፔዳሉ ላይ ነው። እኔ ኃይሉንና ደቂቃውን ሞላሁ፣ ፓምፑን አስነሳሁ። አላርሙ አሁንም ጮኸ፤ አጠፋሁት። አሁን እጄ ለምዶታል።

ጉበቱ ተቆረጠ። የበሰለው ቦታ ነጭ ሆኖ እንቁላል መምሰል አለበት። መስሏል። ግን ከእንቁላሉ ወደ ኋላ፣ መርፌው በገባበት መንገድ፣ ቀጭን ነጭ ጅራት ወጥቶበታል። ዶ/ር መ. ቆንጆ ነው አሉ። እጃቸውን ታጥበው ሄዱ። እኔ ጅራቱን በጣቴ ነካሁት።

ሥልጠናው ላይ ስለ ጅራት የሆነ ነገር ተብሏል። ትዝ የሚለኝ የአሠልጣኙ አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ይሮጣል፣ ቅላጼው ለጆሮዬ ባዳ ነው። በየመሀሉ ግልጽ ነው? ይላል። አዳራሹ ሙሉ ራስ ይነቀንቃል። ከትልልቅ ሆስፒታል የመጡት ከፊት ተቀምጠዋል። እኔ ከኋላ፣ ከኮልፌዋ ትንሽ ክሊኒክ። አልገባኝም ብዬ እጄን ላወጣ? የላኳትን እይዋት እንዲሉኝ? ነቀነቅኩ። ሦስቱንም ቀን እንደነቀነቅኩ ወጣሁ። ፎቶ ላይም ፈገግ ብያለሁ።

ሁሉም የገባው መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው እነሱም እርስ በርስ እየተያዩ ይሆናል የነቀነቁት።

አሠልጣኙ ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶናል። ልደውል አልኩ። ምን ልለው? ያኔ ገብቶኛል ያልኩህ አልገባኝም ነበር? ነገ እደውላለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

አልደወልኩም።

የድሮ ሰፈራችን አጠና ተራ ሄጄ እትዬ ከድጃን አየኋቸው። ዓለም ባንክ ሰፈር ኮንዶሚኒየሙ ከመግባታችን በፊት ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። እማዬ ሥራ ስትውል ያበሉኝ፣ ጸጉሬን የሠሩኝ እሳቸው ናቸው። በርበሬ ይነግዳሉ። ድምፃቸው! ደንበኛ ሲጠሩ መንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ ይዞራል። እንቅርት አላቸው። እያደገ መጥቶ አሁን የጎመን ጥቅል አህሏል፤ ሻርፕ አያርፍበትም። ታላቅ እህታቸው ለእንቅርት ኦፕራሲዮን ሆነው ድምፃቸው ሄደ፤ እስኪሞቱ በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት። ስለዚህ ቢላ አንገቴን አይነካም ብለው ምለዋል።

ይኼኛው ቢላ የለውም አልኳቸው። መጀመሪያ በእብጠቱና በድምፅ ነርቩ መሀል ውኃ እንወጋለን፣ ሙቀቱ ነርቩ ጋ እንዳይደርስ፣ አልኩ። ይኼን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ከመጽሐፍ አንብቤዋለሁ። ልጃቸው ሰሚራ ብዙ ጠየቀች። እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

«አንቺ ማሽኑን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ፣ እትዬ።»

«በቃ። ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ የምትዋሽኝ።»

ጉንጬን ሳሙኝ። ለረቡዕ ተቀጠሩ። ማስታወሻዬ፣ እምቢ ማለት የምችለው ያኔ ነበር። ሻይ ጠጣሁ፣ ተመረቅኩ፣ ታክሲ ይዤ መጣሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ጠዋት

ዛሬ ነው። እትዬ ከድጃ ከባለቤታቸው ከጋሽ ነስሩና ከሰሚራ ጋር መጡ። አዲስ ሻርፕ። ሳላይኑን ከፍሪጅ አውጥቻለሁ። መብራት ቢጠፋ ባትሪው ሞልቷል። ኬብሉ ጠብቋል። ቁርስ አልበላሁም።

ረቡዕ። 9 ሰዓት አካባቢ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል

ይኼን የምጽፈው ሰው እንዳያናግረኝ ብዬ ነው።

በቅደም ተከተል። አስተኛኋቸው። አይናገሩ፣ ምራቅ አይዋጡ፣ አንገትዎን አያንቀሳቅሱ፣ ካቃጠለዎት ጣትዎን ያንሱ፣ አልኳቸው። ማደንዘዣ ተወጋ። ከነርቩ በኩል ውኃ ተወጋ፣ በስክሪኑ በደንብ ታየ። መርፌው ገባ። ፓምፑን አስነሳሁ፣ ጎማው ዞረ። ዶ/ር መ. ፔዳሉን ረገጡ። ስክሪኑ ላይ እብጠቱ መሀል ነጭ ደመና። ያማረ።

አላርሙ ጮኸ። ቁልፏን ተጫንኩ።

ዶ/ር መ. ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ ምንድን ነው አሉ። የተለመደው ነው አልኩ። አመኑኝ።

እትዬ ከድጃ ጣታቸውን አላነሱም። እግራቸው አንሶላው ሥር ሲጠማዘዝ አይቻለሁ። ፈርተው ነው አልኩ ለራሴ። ቆየ። በመጨረሻ ከአንገታቸው ዘለል አሉ። ዶ/ር መ. እግራቸውን ከፔዳሉ አነሱ፣ መርፌውን አወጡ። መርፌው የገባበት ቆዳ ነጭ ሆኗል። ዙሪያው ቀልቷል። የተቃጠለ ሥጋ ሸተተኝ።

ያኔ ነው የመመለሻውን ቱቦ ያየሁት። ጫፉ ደረቅ። አንዲት ጠብታ የለችም። የፓምፑ ክዳን ተዘጋ እንጂ አልቆለፈም፤ ቱቦው ከጎማው ጉድጓድ ወጣ ብሎ ተጋድሟል። ጎማው በባዶው ይዞራል። እኔ የማየው ጎማውን ነበር። መታየት ያለበት ጠብታው ነው።

ሰሚራ በር ላይ ቆማለች። ምን ሆነች እናቴ አለች። ዶ/ር መ.፣ እናትሽ አንገታቸውን አንቀሳቀሱ፣ መርፌው ወደ ቆዳው ቀረበ አሏት። እውነት መስሏቸው ነው። እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ ማሽን የማጸዳ መስዬ ክዳኑን ከፈትኩ፣ ቱቦውን ቦታው አስገባሁ፣ ቀጭ እስኪል ዘጋሁት። ማንም አላየኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ፋሻ ልቀይር ቤታቸው ሄድኩ። ድምፃቸው ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ ይላሉ። ቁስሉ ጣት የሚያስገባ ክብ ነው። ጠባሳ ይተዋል። ቢላ ሸሽተው መጥተው።

ስጠርግላቸው እጄን ያዙኝ። ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔን! ማቃጠሉ ከጅምሩ ተሰምቷቸው ነበር፤ ግን አሠራሩ እንደዚህ ይሆናል ብለው ቻሉ። ጣት ማንሳት ሥራችንን የሚያበላሽ መሰላቸው። መጨረሻ ላይ ግን አንገታቸው ከዳቸው።

«ሐኪምሽ ፊት አሳፈርኩሽ፣ ሄሉዬ። አንቺ አጠገቤ ስላለሽ ነበር እስከዚያ የቻልኩት።»

አይ እትዬ፣ ምንም አይደል አልኩ። ምንም አይደል! ይቅር አልኳቸው፣ ይገባሻል? የእኔን ጥፋት ለእሳቸው ይቅር አልኳቸው። ባንዴጁን ለጥፌ ወጣሁ።

ጋሽ ነስሩ እስከ ፌርማታ ሸኙኝ። አርፈሽ ተኚ ተብላ አትተኛም፣ ልጅነቷም እንዲሁ ነበር አሉኝ። ይቅርታ አድርጊላት አሉኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ነው። ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ ጭስ በጭስ። ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዟል። እማዬ በረንዳ ላይ ቆማ በሽታው ሁሉ ከዚህ ጋር ይሂድ ትላለች። እኔ መስኮት ዘግቼ አልጋ ላይ ነኝ። አሞኛል አልኩ።

ዋሽቻለሁ ብዬ አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ ለራሴ ለመናገር ሞከርኩ። ከጉሮሮዬ አልወጣም። ሰው በሌለበት እንኳ!

እሑድ፣ ኅዳር 14

የእኔ ነገር ዞሮ ዞሮ ሙገሳ ሆነ። እማዬ ገበያ ሄዳ መጣች። ሰዉ ሁሉ ያንቺን ልጅ ያመሰግናል አለችኝ፤ ቤታቸው ድረስ እየሄደች ቁስል የምታጥበው እሷ ናት እያለ። በእትዬ ከድጃ ደግሞ ይቀልዱባቸዋል አለችኝ። በርበሬ ሊገዛ የመጣው ሁሉ እትዬ፣ ዝም ብሎ መተኛት እንኳ ያቅታል? እያላቸው። ልጆቻቸውም ምሳ ላይ ተቆጧቸው። ሰሚራ እንዳትንቀሳቀሺ ያን ሁሉ ለምኜሽ፣ ብላ አልቅሳባቸዋለች። እሳቸው ሻርፓቸውን ጠምጥመው ዝም።

ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም እኮ! ድምፃቸው እንዳይሄድ ነው ይኼ ሁሉ የመጣው። አልሄደም፣ አለ። የሚናገሩበት ፊት ግን አሳጣኋቸው።

እማዬ ኮራሁብሽ አለችኝ። ባኞ ቤት ገብቼ ውኃ ከፍቼ አለቀስኩ። ለማልቀስም ውኃ መክፈት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ሆንኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

እርግጠኛ መሆን አለብኝ። ምናልባት የእኔ ጥፋት አይደለም የሚል አንድ ድምፅ ውስጤ አለ። ያን ድምፅ ዝም ላሰኘው ጉበት ልገዛ ወጣሁ። ለካ ትናንት ጾም ገብቷል። የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ሁሉ ተዘግቷል። ሙስሊም ሥጋ ቤት ገባሁ። ባለሥጋ ቤቱ በአንገቴ ያለውን ማተብ አይቶ፣ እህቴ፣ ጾሙ በአንድ ቀን አለቀ እንዴ አለኝ። ለሥራ ነው አልኩት። ጉበት የሚበላ ሥራ ነው? አለኝ። የቆመው ሁሉ ሳቀ። ስወጣ ከእማዬ ማኅበርተኛ ጋር ፊት ለፊት። ከረጢቴን አየች። ደም ያንጠባጥባል። እንደምን ዋልሽ ብላ አለፈች።

በምሳ ሰዓት ክሊኒክ ገብቼ የማሽኑን ክፍል ቆለፍኩ። ለልምምድ የተተወችውን መርፌ ገጠምኩ። መጀመሪያ ቱቦውን እንደዚያ ቀን አስገባሁት፣ ክዳኑ ሳይቆልፍ። ጎማው ዞረ። ጠብታ የለም። አላርሙ ጮኸ። ዛሬ አላጠፋሁትም፤ እየጮኸ ሰማሁት። ጉበቱን ቆረጥኩ፣ ጅራት።

ቱቦውን በትክክል አስገባሁ። ቀጭ አለ። ጠብ ጠብ ጠብ፣ ውኃው ተመለሰ። አላርሙ ዝም። ሌላ ቦታ ወጋሁ። ቆረጥኩ። እንቁላል ብቻ። ጅራት የለም።

ሁለቱን ቁራጭ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪጅ አስቀመጥኩ። ከዚያ ደወልኩ፣ ለአሠልጣኙ። አልገባኝም ነበር አልኩት። እንግሊዝኛዬ ተንተባተበ፤ እሱም ዛሬ ቀስ ብሎ ተናገረ። አልሳቀብኝም። የጥያቄ ሰዓት የሰጠሁት ለዚህ ነበር እኮ አለኝ። ማንም ሳይጠይቀው ነበር ሻንጣውን የዘጋው። በየጊዜው፣ ኃይል ከመሰጠቱ በፊት፣ ጠብታውን በዓይንሽ ሳታዪ ፔዳል አይረገጥ አለኝ። አላርም ሲጮህ መጀመሪያ እግር ከፔዳል፣ ከዚያ ምክንያቱን መፈለግ። ይኼው ነው። ይኼን ያህል ቀላል ነበር።

ቤት ስደርስ እማዬ አኩርፋለች። ወሬው ቀድሞኛል። በጾም? ያውም የሙስሊም ሥጋ? አለችኝ። አላስረዳኋትም። ላልሠራሁት ነገር ስታፍርብኝ ቀለል አለኝ፤ የሚገርም ነው። ኮራሁብሽ ከምትለኝ ይሻላል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ዛሬ ሁለተኛዋ በሽተኛ ነበረች። ከዘነበወርቅ የመጣች መምህርት፣ ልጅ እግር። ዶ/ር መ. ሳይገቡ ለብቻቸው ልነግራቸው አስቤ ነበር። ዘገዩ፤ ሲመጡ እየተጣደፉ ገቡ። በሽተኛዋ ተኝታለች፣ አንገቷ በመድኃኒት ተቀብቷል። ማደንዘዣው ተሞልቷል። ክፍሉ ውስጥ ሰው አለ።

ዝግጁ ነው? አሉኝ። እንደወትሮው ራሴ ሊነቀነቅ ጀምሮ ነበር። አንገቴን በኃይል ነው ያቆምኩት።

«አይደለም፣ ዶክተር።»

ዓይናቸው ከጭምብሉ በላይ ፈጠጠ። ለብቻ ላናግርዎት አልኩ። ወጡ። ፍሪጁን ከፍቼ ሁለቱን ጉበት አሳየኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሥልጠናውን፣ ቁልፏን፣ የደረቀውን ቱቦ፣ ክዳኑን ደብቄ የዘጋሁትን። ጓንታቸውን አወለቁ። ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አላርሙ ሲጮህ እኔም ዞሬ ማየት ነበረብኝ አሉ። ጮኸውብኝ ቢሆን በተሻለኝ።

መምህርቷን ይቅርታ ጠይቀው ቀጠሮ ለወጡላት። አሠልጣኙ እስኪመጣ ማሽኑ ይዘጋ አሉ። ዶ/ር መ. ራሳቸውም ከእኔ ጋር ቁጭ ብለው እንደሚሠለጥኑ ተናገሩ። ሰርተፍኬቴን አወርደዋለሁ ስል አልከለከሉኝም።

ስለ እትዬ ከድጃ ግን ተዪው አሉኝ። ቁስሉ እየዳነ ነው፤ ድምፃቸው ደህና ነው፤ ሴትዮዋ እኛን አልከሰሱም፤ ገበያ ውስጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ወሬው በአንድ ቀን ኮልፌን ይዞራል። ክሊኒኩስ እሺ፣ አንቺን ማን ይቀጥርሻል? ለአንቺው ብዬ ነው አሉኝ። እንደ አባት ነው ያናገሩኝ፣ ከልባቸው። ምሽቱን ሁሉ ትክክል ሳይሆኑ አይቀሩም እያልኩ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር ማለት ነው። እፍረቱ እዚህ ጋ ነው፣ ማስታወሻዬ፤ ተዪው ሲሉኝ ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ሄድኩ። ሱቅ ነበሩ፣ በርበሬ ጆንያዎቹ መሀል፣ ሻርፓቸውን እስከ አገጫቸው ጠምጥመው። ገዢ እስኪወጣ ጠበቅኩ። ቆሜ ነው የነገርኳቸው፤ ተቀመጪ ቢሉኝም አልተቀመጥኩም። ውኃው አልዞረም፣ እትዬ፤ ያቃጠለዎት እኔ ያልገጠምኩት ቱቦ ነው፤ ማሽኑ ጮሆ ነግሮኝ አፉን ዘጋሁት፤ እርስዎ የዘለሉት ተቃጥለው ነው እንጂ ስለዘለሉ አልተቃጠሉም። እንደዚህ ቀጥ አድርጌ አልነበረም። ሦስቴ አቋረጥኩ።

ይጮኻሉ ብዬ ነበር። በዚያ ድምፅ። ሚዛኑን ትንሽ ገፉት፣ መለሱት። ቀና ብለው ሲያዩኝ ዓይናቸው እርጥብ ነው፤ ግን ለእኔ አዝነው አልነበረም።

«ያን ቀን ይቅርታ ስጠይቅሽ ምንም አይደል ብለሽኛል። እኔ ደግሞ ልጅቷ አንጀቷ ሩኅሩኅ ነው ብዬ ዱዓ አደረግኩልሽ።»

ቀጠሉ። ቁስሉ ምንም አይደለም አሉ፤ ሥጋ ነው፣ ይጠፋል። እቤታቸው ግን አንገታቸውን አቀርቅረው ነው የሚበሉት። ባል ይቆጣል፣ ልጅ ይቆጣል፣ ጎረቤታቸው አይሻ ቤት ለቡና ሲሄዱ የተሰበሰበው ሁሉ ይስቃል። እሳቸውም አምነው፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት እያሉ፣ ሌሊት እየነቁ አንገታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልኩ። ከክንዴ ይዘው አቆሙኝ። ጠንካራ እጅ ነው ያላቸው። እዚህ ጆንያ መሀል ለብቻዬ ብትነግሪኝ ምን ይጠቅመኛል አሉኝ።

«የተወቀስኩት እነሱ ፊት ነው። እነሱ ፊት በይው።»

ነገ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሁሉም ቤታቸው ምሳ ላይ ይሰበሰባሉ። ጋሽ ነስሩ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቶቹ። የምትመጪ ከሆነ ነይ፣ ካልመጣሽ ግን ፋሻ ልቀይር ብለሽ ደጄን አትርገጪ አሉኝ። ገዢ ገባ። አንድ ኪሎ መዘኑ። እኔ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19። ከምሳ በፊት

ፈረቃ ተለዋወጥኩ። ለዶ/ር መ. እንደምሄድ ነገርኳቸው። የማስቀርሽ መብት የለኝም አሉ። ሥራዬ ይኖር አይኖር አላወቅኩም፣ አልጠየቅኩም። ለእማዬም ጠዋት ነገርኳት። ጉበቱንም፣ ሌላውንም። ከማን ተማርሽው ይኼን ዝምታ አለችኝ። ነጠላዋን ለበሰች፣ አብሬሽ እሄዳለሁ አለች። እምቢ አልኳት። እሷ ካለች በእሷ እሸፈናለሁ።

የምለውን ስለማመድ ነው ያረፈድኩት። መጀመሪያ የጻፍኩት ስለ ፓምፑ ነበር፣ ስለ ክዳኑ፣ ስለ አሠልጣኙ ቅላጼ። ገጽ ሙሉ። ሳነበው አንድም የሚጠቅማቸው ነገር የለበትም፤ ሁሉም እኔን ለማዳን የተጻፈ ነው። ሰረዝኩት። ይቅርታ አድርጉልኝ የሚለውንም ሰረዝኩ፤ ያን ለመጠየቅ አይደለም የምሄደው። ቀጥሎ ዶ/ር መ.ን የሚጠቅሰውን ሰረዝኩ። ትንሽ ነው የቀረው።

ፊታቸው ይታየኛል፤ የጋሽ ነስሩ፣ የሰሚራ፣ ማዕዱ ላይ የተዘረጋው እጅ ሁሉ ቆሞ። እንደምን ዋላችሁ እላለሁ፣ አልቀመጥም። የምጀምረው ከዚህ ነው፦

እትዬ ከድጃ እኔ እስካቃጥላቸው ድረስ አልተንቀሳቀሱም።